የቡልቡላ ነጭ አፈር

ከመቂ ወደ ባቱ፣ ከባቱ ወደ አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ የሚወስደው አስፋልት አብዛኛው በጥንት ሐይቅ ወለል ላይ የተዘረጋ ነው። በግራ በቀኝ የሚታየው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ፣ የአበባ እርሻዎቹ የላስቲክ ቤት፣ ከግራሩ ሥር የተኮለኮለው ፍየል፣ ሁሉም ያለው ውሃ ተኝቶበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ዛሬ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ እያልን በአራት ስም የምንጠራቸው ሐይቆች ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ነበሩ። የዚያ ትልቅ ሐይቅ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር ያህል ደርሶ ነበር። የሻላ ገጽ አሁን 1,558 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ዛሬ ሻላ ዳር በሚቆም ሰው አናት ላይ ያን ጊዜ ከ100 ሜትር የሚበልጥ ውሃ ነበረ ማለት ነው። ሐይቁ ሲሞላ በሰሜን በኩል እየፈሰሰ አዋሽ ይገባ ነበር፤ ከአዋሽ ጋርም የአፋርን በረሃ አቋርጦ እስከ አቤ ሐይቅ ይወርድ ነበር።

የዚህ ታሪክ አንዱ ማስረጃ በኮረብቶቹ ወገብ ላይ ተሰምሮ የቀረው የጥንት ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ግሮቭ፣ ስትሪት እና ጉዲ የተባሉ ሦስት የብሪታንያ የጂኦግራፊ ሊቃውንት በደቡባዊው ስምጥ ሸለቆ ስለነበሩት የቀድሞ የሐይቅ ከፍታዎች የጻፉት ጥናት ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። ዳርቻ የሚነግረን ግን ውሃው እስከ የት እንደወጣ ነው። ውሃው ሰው የሚጠጣው ነበር ወይስ ከብት ብቻ የሚወርድበት ሆራ? ጥልቅ ነበር ወይስ ደንገል የበቀለበት ረግረግ? ነፋስ የሚያማስለው ነበር ወይስ ረግቶ የተኛ? ይህን የሚመልሱት ዳያተም የሚባሉት፣ ባለ አንድ ሕዋስ የውሃ ፍጥረታት ናቸው። ብዙዎቹ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ያነሱ ናቸው። ሲሞቱ ወደ ሐይቁ ወለል ይወርዳሉ፤ ለስላሳው አካላቸው ይበሰብሳል፤ ቅርፊታቸው ግን ከመስታወት ጋር አንድ ዓይነት በሆነው ሲሊካ የተሠራ ነውና ሺህ ዓመትም፣ ሚሊዮን ዓመትም ሊቆይ ይችላል።

ወደ ስምጥ ሸለቆ የወረድኩት ዳያተም የምታጠና አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ናሙና ልትወስድ ስትወጣ ተከትዬ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ሥራው ገና ስለሆነ ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ትምህርቱ እንዲጻፍ ትመርጣለች። አብሯት አንድ ረዳትና አካባቢውን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ የባቱ ልጅ ሹፌር ነበሩ። መኪናው ውስጥ የነበረው ዕቃ ዶማ፣ አካፋ፣ የወጥ ቤት ቢላዋ፣ ጂፒኤስ፣ ማርከርና ብዙ ትናንሽ ላስቲኮች ነው። በዚህ ዕቃ የአሥር ሺህ ዓመት ዝናብ ይጠናል ቢሉኝ ቀድሞ አላምንም ነበር።

የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ተነሥቶ ወደ አብጃታ ይወርዳል። መሬቱን እየቦረቦረ ባለፈባቸው ቦታዎች የጥንቱ ሐይቅ ደለል በገደሉ ላይ ተገልጦ ይታያል። ከላይ ቡናማ አፈር፣ ከሥሩ ግራጫ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከዚያ ቀጭን ጭቃማ መስመር፣ ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ዓይን የሚያስጨፍን ነጭ ድርብርብ። ልጅቷ በቢላዋዋ የላይኛውን ቆሻሻ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ንጹሑን ገለጠችና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ፈልቅቃ ሰጠችኝ።

“ጋሼ፣ ይችን ምላስዎ ላይ ያድርጓት።”

አደረግኋት። ወዲያው ተጣበቀች፤ ለማላቀቅ በጣት መጎተት ነበረብኝ።

“ውስጧ ሁሉ ቀዳዳ ነው፣ ምራቅዎን እየመጠጠች ነው” አለች። “ብዙዎቻችን ገደል ላይ የምንለየው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ማይክሮስኮፑ የምንሄደው።”

ቁራጯን በእጄ መዘንኋት። ድንጋይ ትመስላለች፣ ክብደት ግን የላትም። በጣቴ ሳሻት ከዱቄት የደቀቀ ነጭ ብናኝ ሆነች። በዚያች ብናኝ ውስጥ የሚኖሩት ቅርፊቶች በሚሊዮን እንደሚቆጠሩ ሳስብ ጣቴን በሱሪዬ መጥረግ ከበደኝ።

ይህ አፈር ዳያቶማይት ይባላል፤ በአዳሚ ቱሉ ዙሪያ በብዛት እንዳለ የጂኦሎጂ ሰዎች ከመዘገቡት ቆይቷል። በዓለም ላይ ቢራ የሚጣራበት፣ ስኳር የሚጠራበት፣ ቀለም የሚወፍርበት ነው። አልፍሬድ ኖቤል በ1867 የዲናሚትን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ናይትሮግሊሰሪን የተባለውን አደገኛ ፈሳሽ ከጀርመን በመጣ በዚሁ ዓይነት አፈር አስመጥጦ ነው። የኔ ነገር ግን ከጥቅሙ ይልቅ ከፍጥረቱ ጋር ነበር።

እየቆፈርን ሳለ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ወደ ገደሉ ጫፍ መጡና ከላይ ሆነው በኦሮምኛ ጠየቁ። ሹፌሩ ተረጎመልን፤ ወርቅ ነው ወይ የምትፈልጉት ነው ያሉት።

“አይደለም አባቴ፣ ድሮ እዚህ ስለነበረው ውሃ ነው” አለች ተማሪዋ፣ ቀና ብላ።

ሽማግሌው አልተደነቁም። ውሃ እዚህ እንደነበረ እሳቸውም እንደሚያውቁ፣ ልጅ ሳሉ ከብት ሲያግዱ ከማሳው ውስጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይለቅሙ እንደነበር ነገሩን። ቀጥለውም ዱላቸውን ወደ ምዕራብ ዘርግተው አብጃታ በጎልማሳነታቸው እስከ የት ይደርስ እንደነበር አሳዩን። ያሳዩት ቦታ ዛሬ ከውሃው እጅግ የራቀ ደረቅ ሜዳ ነው። ተማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ የተናገሩትን ከነአቅጣጫው ጻፈች። ደስ ያለኝ ይህ ነው፤ ሽማግሌውም ገደሉም ለእሷ ምስክሮች ናቸው፤ ሁለቱንም ትጠይቃለች፣ ሁለቱንም ትመዘግባለች።

የዳያተም ቅርፊት ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው። አንዱ በሌላው ላይ እንደ ሙዳይና ክዳኑ ይገጥማል። ፍጥረቱ ሲከፋፈል ሁለቱ ልጆች አንድ አንድ ክፍል ይወስዳሉ፤ እያንዳንዳቸውም የወሰዱትን ክዳን አድርገው፣ ከውስጥ የሚገባውን የጎደለውን ክፍል ራሳቸው ይሠራሉ። የእናትየዋን ትንሹን ክፍል የወሰደው ልጅ እንግዲህ ከእናቱ ያነሰ ይሆናል። እንዲህ እየቀጠለ ትውልድ በትውልድ ያንሳሉ፤ ከተወሰነ ልክ በታች ሲደርሱ በጾታዊ መራቢያ አማካይነት ያ ዘር እንደገና በሙሉ ቁመቱ ይጀምራል። ቅርፊቱ ላይ ያሉት መስመሮችና ቀዳዳዎች በየዝርያው የተለዩ ናቸው፤ ዝርያው የሚታወቀውም በእነሱ ነው። ከዓለም ፎቶሲንተሲስ አንድ አምስተኛ ያህሉ የእነዚህ ፍጥረታት ሥራ ነው ተብሎ ይገመታል።

ስምጥ ሸለቆው ለእነሱ የተመቸ ነው፤ እሳተ ገሞራ በበዛበት አገር ውሃው ከድንጋዩ ሲሊካ እያሟሟ ይወስዳል። ከባቱ በስተ ምዕራብ ገደሞታ በሚባለው ሸንተረር ላይ የጥንት ሰዎች ከባልጩት የሠሯቸው መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ270,000 ዓመት በላይ ነው። ባልጩቱም ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው፤ የዳያተሙም ቅርፊት ሲሊካ ነው። ያንኑ የምድር ሆድ ዕቃ አንዱን የሰው እጅ ለጦር ጫፍ አዋለው፣ ሌላውን አንዲት ሕዋስ ለቤቷ። ገደሞታ ላይ ቆሜ ወደ ሐይቁ ስመለከት ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ መምረጥ አቃተኝ፤ መምረጥም አላስፈለገኝም።

የገደሉ ናሙና አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከእያንዳንዱ ላስቲክ ቁንጣሪ አፈር ተወስዶ ቢከር በሚባል የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይገባል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመርበትና ይሞቃል፤ ይህ የበሰበሰውን ሥራ ሥርና ቅጠል ያቃጥለዋል፤ ቢከሩ ውስጥ እየተፍለቀለቀ አረፋ ይወጣዋል። ከዚያ ኖራማው ነገር በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሟሟል። ቀጥሎ በተጣራ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ማስረግ፣ መድፋት። በመጨረሻ ከቢከሩ ሥር የሚቀረው ወተት የመሰለ ውሃ ነው። ከዚያ ላይ አንድ ጠብታ በቀጭን መስታወት ላይ ተደርጎ ይደርቃል፤ ብርሃንን ከቅርፊቱ ይበልጥ በሚሰብር ሙጫም ስላይድ ላይ ይለጠፋል። ይህ ሙጫ ባይኖር ቅርፊቱ ጥርት ያለ መስታወት ስለሆነ ምንም አይታይም ነበር። ከዚያ በኋላ 1,000 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ፣ በሌንሱና በስላይዱ መሐል ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ እየተጓዙ መቁጠር ነው። ለአንድ ናሙና 300፣ 400፣ አንዳንዴም 500 ቅርፊት ይቆጠራል። ከአንድ ገደል የሚወጣው ናሙና ብዙ ነው።

ቤተ ሙከራውን በጎበኘሁበት ቀን ተማሪዋ ወንበሯን ለቀቀችልኝና ዓይኔን አስገባሁ። መጀመሪያ ብርሃን ብቻ፤ የማጥሪያውን ቁልፍ ሲያዞሩልኝ ክብ ነገር ብቅ አለ፣ ከመሐሉ ወደ ጠርዙ በተዘረጉ ደቃቅ ነጥቦች የተሸለመ። አጠገቡ በትር የመሰለ፣ ጫፍ ለጫፍ የተቀጣጠለ ሰንሰለት። “ይቺ ሰንሰለት አውላኮሴራ ናት” አለችኝ ከጎኔ። “ከባድ ናት። ነፋስ ውሃውን ካላማሰለላት ትሰጥማለች። እሷ በብዛት ካለች ውሃው ጨው አልባና የሚናወጥ ነበር እንላለን።” ስላይዱን ቀየረች። ከገደሉ በላይኛው ክፍል የተወሰደ ነበር፤ ሰንሰለቷ የለችም። በምትኩ ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው፣ ጨው የሚችሉ ክቦች ሞልተዋል። ከሁለቱ ስላይዶች መሐል ሐይቁ ከመጠጥ ውሃነት ወደ ሆራነት ተለውጧል። ዝናቡ ቀንሷል ማለት ነው፤ በሰሜን አፍሪካም በምሥራቅ አፍሪካም ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነው። የምድር ዘንግና ምሕዋር በ21,000 ዓመት ገደማ ዑደት ቀስ እያሉ ሲዞሩ የሰሜኑ በጋ ፀሐይ ይበረታል፣ ይደክማል፤ ከዚያ ጋር የክረምቱ ዝናብ ወደ ሰሜን ይገፋል፣ ይመለሳል። ያንን ያህል ግዙፍ ነገር እኔ ያየሁት በሁለት ስላይዶች ልዩነት ነው።

ያን ቀን የገባኝ ሌላም ነገር አለ። ለእኔ ክብ ሁሉ ክብ ነበር። እሷ ግን ገና ከማየቷ ስም ትጠራለች። መጽሐፍ አለ፣ ሥዕል አለ፤ ዓይኗን የሠራው ግን ለወራት ከጎኗ ተቀምጦ “አይ፣ ጠርዙን እዪው” እያለ ያስተማራት ሰው ነው። ያንንም ሰው ሌላ ሰው አስተምሮታል። ይህ ትምህርት ከወንበር ወደ ወንበር የሚተላለፍ ነው፤ ሐረጉ ከተበጠሰ ስላይዱ በመሳቢያ ውስጥ ቢኖርም የሚያነበው አይኖርም።

ሐረጉን ወደ ኋላ ብንከተለው አንዱ ጫፍ ወደ እኛ ባሕር ይመጣል። ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከ1820 እስከ 1825 ከጓደኛው ከቪልሄልም ሄምፕሪሽ ጋር ግብፅንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ አካልሎ ምጽዋ ድረስ መጥቷል። ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ፤ ኤረንበርግ ያለ ጓደኛው ወደ በርሊን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በማይክሮስኮፕ ሥር አሳለፈ። ጭቃ፣ ጠመኔ፣ አቧራ፣ የውቅያኖስ ደለል፣ መንገደኞችና መርከበኞች ከየአገሩ የላኩለትን ሁሉ መረመረ። ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ላይ ሳለ በኬፕ ቨርድ ደሴቶች አካባቢ ከአየር የወረደውን ደቃቅ አቧራ ሰብስቦ ለእሱ ነው የላከው፤ ኤረንበርግም በአቧራው ውስጥ የሐይቅ ውሃ ዳያተሞች አገኘ። በ1854 ሚክሮጂኦሎጊ የተባለውን ትልቅ መጽሐፉን አሳተመ። ዳያተሞችን እንስሳት ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ በዚያ ተሳስቷል። የሰበሰበው ግን ዛሬም በርሊን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ ወደ 40,000 የሚደርሱ ዝግጅቶች፣ በቀጭን የሚካ ቅጠል ላይ የተለጠፉ፣ የሚፈለገው ቅርፊት ያለበት ቦታ በትናንሽ ባለ ቀለም የወረቀት ቀለበቶች የተከበበ። ሰውየው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የእሱን ስያሜ ለማረጋገጥ የሚሹ ተመራማሪዎች ግን ዛሬም ያንኑ ቀለበት ፈልገው ያንኑ ቅርፊት ያያሉ። በአንድ ሰው ቃል ላይ ብቻ ያልተመሠረተ፣ ያ ሰው ያየውን ነገር ራሱን ለተከታዩ የሚያስረክብ ትምህርት ነው፤ ይህን ነው በዚህ ሙያ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው።

ከኤረንበርግ በኋላ የመጡት ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አልነበሩም። ዮሐን ዲድሪሽ ሞለር የተባለው የሐምቡርግ አካባቢ ሰው ከ4,000 በላይ ዳያተሞችን አንድ በአንድ በፀጉር ጫፍ እያነሣ ከጥፍር በምታንስ ቦታ ላይ በረድፍ ደርድሯል። ፍሪድሪሽ ሁስተት በብሬመን የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የዓለምን ዳያተም ሲያጠና ኖሮ ከ2,000 በላይ ስያሜዎችን አወጣ፤ ከኮንጎ ሐይቆች የመጡም በመካከላቸው አሉ። የእሱ ስብስብ የሚገኘው ብሬመርሃፈን ነው፤ በ1970 ስለ ባሕር ዳያተሞች የመጀመሪያው ጉባኤ የተካሄደውም እዚያው ነበር። ዛሬም የዳያተም ሰዎች በየሁለት ዓመቱ ይገናኛሉ። እርስ በርስ የሚተዋወቁ ናቸው፤ አንዱ ያላወቀውን ቅርፊት ፎቶ አንሥቶ ለሌላው ይልካል፣ ሌላው በማግስቱ ይመልሳል። በአንዲት ዝርያ ስም ላይ ለዓመታት የሚከራከሩ፣ ሲገናኙ ግን ከስብሰባው ይልቅ ማይክሮስኮፕ ፈልገው አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው።

የእኛን ሐይቆች ዳያተም በስፋት ያነበቡት ፈረንሳዊቷ ፍራንሷዝ ጋስ ናቸው። በአፋር በረሃ ሐይቆች ላይ የሠሩት ጥናት በ1975 የዶክትሬት ሥራቸው ሆነ፤ በ1977 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ የአቤ ሐይቅን የ70,000 ዓመት ታሪክ የያዘ ነው። ዛሬ ሙቀት የሚንቀለቀልበት የአቤ ሜዳ ሐይቆቻችን በሞሉበት በዚያ ዝናባማ ዘመን አሁን ካለው ውሃ ወደ 160 ሜትር ከፍ ባለ ሐይቅ ተሸፍኖ እንደነበር እሳቸውና ባልደረቦቻቸው አሳይተዋል። በ1986 የምሥራቅ አፍሪካን ዳያተሞች የዘረዘሩበት መጽሐፍ ወጣ፤ ተማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ገጹ ያረጀ ፎቶ ኮፒው አለ። ጋስ የቀድሞውን ውሃ ለማወቅ የዛሬውን ውሃ ማወቅ ይቀድማል ብለው ያምኑ ነበር፤ ስለዚህ ከአፍሪካ ከ150 በላይ የውሃ አካላት የተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ተመሥርተው የትኛው ዝርያ በየትኛው ጨውነት እንደሚኖር ከባልደረቦቻቸው ጋር አስልተዋል። በኋላም ከፍራንሷዝ ሻሊዬ ጋር የአብጃታን ደለል ዳያተሞች አጥንተው በ2002 አሳትመዋል። ጋስ በ2014 ዐርፈዋል። ታላሲዮሲራ ፋዉሪ የምትባል፣ ወገኖቿ አብዛኞቹ የባሕር ሆነው ሳለ እሷ በአፍሪካ ሶዳማ ሐይቆች የምትገኝ ዳያተም አለች፤ ሙሉ ስሟ ሲጻፍ የጋስ ስም በቅንፍ ይከተላል።

ከዳያተም ጎን የዕፅዋት ብናኝ አለ፤ ፖለን። እሱም በዓይን የማይታይ ቅሪት ነው፤ ዙሪያውን ስላለው ጫካና ሣር ይመሰክራል። በሐዳርና በጋዴብ ይህን ያነበቡት ሬሞንድ ቦንፊል ናቸው። ከእኛ ሰዎች ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ነበሩ። በባሌ ተራሮች አናት ላይ ካለው ከገርባ ጉራቻ ሐይቅ ደለል የተራራውን የዕፅዋት ታሪክ አወጡ፤ በ2007 የጣና ሐይቅ ከ16,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ በሆነ ዘመን ደርቆ እንደነበር ካሳዩት ተመራማሪዎችም አንዱ ናቸው። ጣና ደረቀ ማለት ዓባይ ከጣና መፍሰሱ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ባሕር ዳር ላይ የማየው ውሃ ሌላ ይሆንብኛል። መሐመድ ዑመር አሁን በሕይወት የሉም። አንድ እንደዚህ ያለ ሰው ሲሄድ የሚጎድለው የጻፈው አይደለም፤ የጻፈው አለ። የሚጎድለው ከጎኑ ሊቀመጥ የነበረው ተማሪ ወንበር ነው።

ወደ ጉዞው ልመለስ፤ ከቡልቡላ በኋላ ወደ አብጃታ ዳር ወረድን። መኪናው የሚያቆምበት ቦታ ከውሃው ሩቅ ነው፤ ቀሪው በእግር ነው። መሬቱ ነጭ ቅርፊት አውጥቶ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል፤ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ አለ፣ የሚሸት። ፍላሚንጎዎቹ ከሩቅ ሮዝ መስመር ሆነው ይታያሉ። ሐይቁ የሸሸው ወደ እሱ የሚገባው የቡልቡላ ውሃ ለመስኖ በመጠለፉና ከሐይቁ ራሱ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ በመቀዳቱ እንደሆነ ብዙ ጥናቶች ይስማማሉ። እኔ ግን ያን ቀን ያሳሰበኝ ከዚያ የቀጠለው ነው። ውሃው ሲሸሽ የተጋለጠው ደለል ይደርቃል፣ ነፋስ ያነሣዋል። በቻድ ቦዴሌ የሚባል ሜዳ አለ፤ የጠፋው የጥንት ታላቅ የቻድ ሐይቅ ወለል ነው። ያ ሜዳ ዛሬ በዓለም ላይ ብርቱ ከሚባሉት የአቧራ ምንጮች ዋነኛው ነው፤ ዳያቶማይቱ በነፋስ ተነሥቶ አትላንቲክን ተሻግሮ አማዞን ይደርሳል። የአብጃታ ዳር ያን ያህል ባይሆንም፣ እየተነሣ ያለው ነገር ያው ነው፤ ገና ያልተቆጠረ ደለል።

ሌላም ጠላት አለ። የሐይቁ ውሃ ሶዳማነት በጨመረ ቁጥር ሲሊካን የማሟሟት ኃይሉ ይጨምራል። ቅርፊቱ ቀስ በቀስ ይበላል፤ መጀመሪያ ቀጫጭኖቹ፣ ከዚያ ወፍራሞቹ። ስለዚህ ዳያተም የሌለበት የደለል ክፍል ሲገኝ ሐይቁ ደርቆ ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ኖረው ሟሙተው ሊሆን ይችላል። ተማሪዋ የጠርዛቸውን መበላት አይታ ይህን ትለያለች። ይህንንም ያስተማራት ሰው ነው።

የእኛ ደለል ሩቅ አገርም ይገኛል። በ2014 በደቡብ ኢትዮጵያ ጨው ባሕር በሚባለው ደረቅ ሜዳ ላይ የኢትዮጵያ፣ የጀርመን፣ የብሪታንያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች 280 ሜትር ገደማ ቆፍረው 620,000 ዓመት የሚሸፍን ደለል አወጡ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስፋወሰን አስራት ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ደለሉ የተከፈተውና የሚቀመጠው ሚኒያፖሊስ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩባት በዚያች ከተማ ስንቶቹ ከቤታቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የጨው ባሕር ጭቃ በመደርደሪያ እንደተኛ እንደሚያውቁ እንጃ። እዚያ መቀመጡን አልቃወምም፤ ቀዝቃዛ ክፍሉ፣ ቆራጩ፣ ፎቶ ማንሻው እዚያ ነው፣ ተመራማሪም ጠይቆ ናሙና ሊወስድ ይችላል። የምመኘው እዚህም እንዲኖር ነው፤ መብራት ሲጠፋ የማይሞቅ አንድ ክፍል፣ የሐይቆቻችን ሁሉ ዳያተም ከነስሙ የሚቀመጥበት የስላይድ መሳቢያ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያይበት ማይክሮስኮፕ። ይህ ለአንድ አገር ትልቅ ወጪ አይደለም። ባቱ ላይ ያለው ገበሬ የመስኖ ውሃው በየስንት ዘመኑ እንደሚያጥር ሊነግረው የሚችል መዝገብ እኮ እግሩ ሥር ነው።

ከጉዞው በኋላ ቤተ ሙከራውን እንደገና ጎበኘሁት። ተማሪዋ ከአብጃታ ዳር ባመጣችው ናሙና ውስጥ አንዲት ክብ አግኝታለች፤ የጋስ ታላሲዮሲራ ትመስላለች፣ ግን ታንሳለች፣ ነጥቦቿም ይጠጋጋሉ። ፎቶዋን ለሁለት ሰዎች ልካ ነበር። አንዱ “እሷው ናት፣ ከመከፋፈል ብዛት ያነሰች ናት” አሉ። ሌላዋ ጠርዟ ላይ ያሉት ደቃቅ ቀዳዳዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሳይታዩ ስም አትስጪ ብለው መለሱ። ተማሪዋ የሁለተኛዋን ምክር ይዛ በመቁጠሪያ ወረቀቷ ላይ በጊዜያዊ ቁጥር መዝግባታለች።

ያን ቀን አጠገቧ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር፤ ትምህርቱን ገና የጀመረ። እሷ የቆጠረችውን ስላይድ ውጤቷን ሳታሳየው እንዲቆጥር ሰጥታው ነበርና ጨርሶ ወረቀቱን አቀረበ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጉ። በአውላኮሴራ ቁጥር ተቀራርበዋል። በትንንሾቹ ክቦች ላይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ እሱ ለሦስት የከፈላቸውን እሷ ለሁለት ከፍላቸዋለች።

“የትኛው ነው ትክክል?” አላት።

“ና፣ አብረን እንያቸው” አለችና ዘይቱን ጠብ አድርጋ ስላይዱን መልሳ አስገባችው።